ቁጥር ፴፩

ሙዚየማችን ጠባብ፣ አንዲት የድንጋይ ቤት፣
ድሮ ገበሬ ማኅበር ገብስ ያከማቸበት፤
ዛሬም ግድግዳዋን በጥፍሩ ለፋቀው
እንክርዳድ ይወድቃል፣ ዘመን ያደረቀው።
ከሞላሌ በላይ፣ ጓሳው ከሚነካት፣
ሰው ባይመጣ እንኳን ጉም ነው የሚጎበኛት።
እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፣ ጠራጊ፣ አስጎብኚ፣
ቀን ሲረዝምብኝም ብቸኛው ጎብኚ።

መስከረም አጋማሽ በሩ ሲከፈት
ሪባኑን በማጭድ ቆረጥን፣ መቀስ ጠፍቶ በድንገት።
መምህር አምሃ ንግግሩን አስረዘመ፤
ድንቅነሽ «ዝናቡ!» ስትል ተፈጸመ።

ዕቃችን አርባ ሦስት ነው፣ ብዙም ያልከበረ፦
ደጋን፣ የበግ ጠጉር ሲነድፍ የኖረ፣
ሦስት እግር የቀረው የአጥቢያ ዳኛ ወንበር፣
ደረሰኝ፣ ለማን እንደተከፈለ የማይታወቅ ግብር፤
በሠላሳ አንድ ቁጥር ግን፣ ምስማር ላይ የዋለ
ግማሽ ጨረቃ እንጨት፣ ጥርስ የተተከለ፣
ከሥሩም በእጄ ጽሑፍ፦ «ስሙ ያልታወቀ»።
ዓመቱን በሙሉ እሱ ነው ያስጨነቀ።

ጥቅምት የባና ቀን ነበር። ሸማኔው አቶ ሽታው
«ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ እግር የለው» ብሎ ወለሉን ቆፈረው፤
ባናው አለቀ፣ ተሸጠ፣ ጉድጓዱ ግን እዚያው ነው፣
እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ የሚቀበለው።

ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ አጨዳ። መዝገቡ ላይ ማንም።
አንድ የጤና ኬላ ሰው መንገድ ጠፍቶት ገባ፤ አልፈረመም።

ጥር ላይ ስድሳ ተማሪ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትንፋሽ።
«ዘውድ ነው፤» አለች ብርቄ፣ «የት ሄደ ሌላው ግማሽ?»
«አንቴና!» አለ ወንድሟ። ሁለቱንም ጻፍኩ፣
ካለማወቄ ጋር አንድ ላይ ሰቀልኩ።

መጋቢት የሙግት ቀን። አቶ ጥሩነህ ጋቢውን አሳመረ፣
ገብረሕይወት ዘንጉን ይዞ ከፊቱ ተገተረ።
ክርክሩ ስለ እንጨቱ፣ ውርርዱ አንድ ማሰሮ ማር፣
ዳኛውም በደንቡ ወንበሩ ላይ ነበር።

«በላ ልበልሃ!
እንጨት ያለ ነገር ጥርስ አያበቅልም፣
ወጥመድ ነው የጅብ፣ ሌላ አልቀበልም!»

«ተጠየቅ! ወጥመድስ ገመዱ የት አለ?
ማበጠሪያ ነው እንጂ፣ ጠጉር የነቀለ!»

ዳኛው ሊፈርድ ሲል ወንበሩ ከዳው፤
ችሎቱ ለሰኔ ተቀጠረ፣ ወገቡ እስኪሻለው።

ሰኔም ገባ፣ ሰማዩ ተቀደደ።
ወይዘሮ ሙላቷ ጥጃ እየጎተተች
ጣሪያ እንጂ ታሪክ ሳትፈልግ ገባች፤
ቀና ስትል አየችው፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች፦
«ይህን ማን ሰቀለው? ጡት ማስጣያ እኮ ነው!
ጥጃው አፍንጫ ላይ ይታሰራል፤
ሊጠባ ሲጠጋ ጥርሱ ላሟን ይወጋል።
ማንም አይመታውም።
እናቱ ናት የምትነግረው።»

ጥቂት ዝም አለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ።

«የኔም እንቢ ብሎኛል፤ እስቲ አውሰኝ ለክረምቱ።»
«ዕቃ ከሙዚየም አይወጣም» ይላል ደንቡ ከነምክንያቱ።
ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን ዘረጋሁ፤
«ቁጥር ፴፩፦ ለሥራ ወጣ» ብዬ ፈረምሁ።

ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ባዶ ምስማር ብቻ።
እሱን ሊያዩ መጡ፣ ከቆላው፣ ከዳርቻ፤
ዣንጥላቸውን አጥፈው፣ የሽታውን ጉድጓድ ዘለው፣
«ዛሬ ሁለቴ ተገፋ»፣ «ዛሬ ሣር ቀመሰ» ብለው
ወሬ ጥለው ሄዱ፣ ምስማሩን በጣት ነክተው።

ጳጉሜን ሦስት፣ ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲራጩ
ሙላቷ መለሰችው። አንድ ጥርስ ጎድሎታል፣
አልደረቀም ለሃጩ።
አልጠረግሁትም፤ እንዲሁ ሰቀልሁት።
ማሩ ለእሷ ተፈረደ
(ሁለቱ ተሟጋቾች ይግባኝ ብለዋል)፣
ከወረቀቱም ላይ «ያል» የሚለውን ፍቄ
በምትኩ «የ» ጻፍሁበት።

ማታ የዓመቱን እንግዳ ደመርሁ፦ ሁለት መቶ ስድስት።
ጥጃው ደጅ ቆሟል፣ ሣር ይነጫል፤
እሱንም ጨመርሁት፦ ሁለት መቶ ሰባት።
ፊርማው ደፉ ላይ ነው፣ በጭቃ።